ሳልነዳት ቤንዚን የምትጨርስ መኪና

መኪና የገዛ ሰው ሁሉ የሚፈራው ነገር አለው። አንዱ መገልበጥ ይፈራል፤ ሌላው ሌባ ይፈራል፤ ሚስቱን የሚፈራም አለ። እኔ ሦስቱንም በየተራ ፈርቼ ጨርሻለሁ። አሁን የምፈራው ጠዋትን ነው። ለምን እንደሆነ ላውጋችሁ፤ ብቻ ጋቢ ደረብ አድርጉ፣ ነገሩ የብርድ ነገር ነው።

መካነ ሰላም ውስጥ ፎቶ አንሺ ነኝ። ጥር ሲመጣ ሙሽራ ከየአቅጣጫው ይፈልገኛል፤ ዛሬ ወግዲ፣ ነገ አቀስታ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ስሙን ሰምቼው የማላውቀው ቀበሌ። በሚኒባስ ስመላለስ ያላየሁት መከራ የለም። የካሜራ ቦርሳዬ ላይ ዶሮ ተቀምጣ አቀስታ ደርሳለች። አንድ ጊዜ እንዲያውም የደረስኩት ሙሽሮቹ ኬክ ቆርሰው፣ በልተው፣ ተጣልተው፣ ታርቀው ነው። ስለዚህ ባለፈው ጥቅምት አቀስታ ሄጄ አንዲት አሮጌ ሰማያዊ የቤት መኪና ገዛሁ። ባለቤቷ አርፈው፣ የሸጡልኝ ልጆቻቸው ናቸው። "አባታችን እንደ ልጅ ነው የያዟት" አሉኝ። እውነታቸውን ነበር፤ ዕድሜዋ ከእኔ ባይተናነስም መቀመጫዋ አልተቀደደም፣ በሯ ሲዘጋ አይጮህም።

ጥቅምትንና ኅዳርን በሰላም አሳለፍን። ታኅሣሥ ሲገባ ግን ጠባይዋ ተለወጠ። ማታ የነዳጁ ጌጅ ግማሽ ላይ ሆኖ ትቻት እገባለሁ፤ ጠዋት ሳስነሳት ከግማሽ ወርዷል። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። በማግሥቱም ወረደ። ቤንዚን ደግሞ በእኛ ከተማ እንደ ልብ የሚገኝ ነገር አይደለም። መጣ የተባለ ቀን ሙሽራ እንኳ ወረፋ ይይዛል። የታንኩን ክዳን ቆለፍኩት። ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩት። ቤንዚኑ ግን መውረዱን አልተወም።

የመካነ ሰላምን ታኅሣሥ ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልንገረው። ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ወርዶ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። በባልዲ ያደረ ውሃ ላይ ቀጭን መስታወት ይሠራል። ሁለት ሰዎች ቆመው ሲያወሩ ከአፋቸው የሚወጣው እንፋሎት ከወሬያቸው ይበዛል። ውርጩ በሳንቃው ቀዳዳ ገብቶ ብርድ ልብስ ውስጥ አብሮህ ይተኛል።

መኪናዋን መካኒኩ አያሌው ዘንድ ወሰድኳት። ኮፈኖዋን ከፍቶ እጁን እያሻሸ አያትና "ምንም አልሆነችም፤ በርዷት ነው" አለኝ።

"በርዷት ነው ማለት?"

"ዘይቱ ብርድ ሲመታው እንደ ማር ይወፍራል። ሞተሩ ያንን ማር እያማሰለ ነው የሚነሳው። ቾክ ስትስብ ደግሞ ቤንዚን ይበዛል። ጎማውም ሲበርደው አየሩ ያንስና መኪናዋ ትከብዳለች። አንተ ደግሞ የምትነዳት ከቤትህ እስከ ሱቅህ ነው፤ ሞቅ ሳትል ታጠፋታለህ። እና ምን ታድርግ? ትጠጣለች።"

ከቤቴ እስከ ሱቄ ያለው መንገድ ሻይ ሳይቀዘቅዝ በእግር የሚደረስበት ነው። ግን መኪና ያለው ሰው በእግሩ ሲሄድ ከታየ ተበላሽታበት ነው ይባላል።

"እና ጠዋት ጠዋት አቁሜ ላሙቃት?" አልኩት።

"እሱንስ እንዳታደርግ! ቆማ በሚኒሞ ስትሠራ ቤንዚን በከንቱ ነው የሚሄደው። አስነሳት፣ ጥቂት ታገሥ፣ ከዚያ ቀስ እያልክ ንዳት፤ እየሄደች ትሙቅ።" ጎንበስ ብሎ አንዱን ካንዴላ ፈታ። ጥቀርሻውን በጣቱ ጠርጎ ቀና አለና በጥርጣሬ አየኝ። "ግን አንተ ጠዋት አቁመህ ብዙ ሰዓት የምታስጮሃት ትመስለኛለህ።"

ሳቅኩበት። እኔ ጠዋት! ሚስቴ ዘሀራ "ሱብሂን ከፀሐይ ጋር የሚሰግድ አንተን ብቻ ነው ያየሁት" ትለኛለች። እንኳን ለመኪና፣ ለቤት መቃጠልም ቶሎ የምነሳ ሰው አይደለሁም።

ቢሆንም ምክሩን ተቀብዬ መኪናዋን እንደ አራስ ልጠብቃት ጀመርኩ። ጎማዎቹን አስነፋሁ። ከራዲያተሩ ፊት ካርቶን አቆምኩ። ማታ ማታ የዘሀራን ትልቁን ብርድ ልብስ፣ ለእንግዳ ብቻ የሚወጣውን፣ ኮፈኖዋ ላይ አለብሳት ጀመር። ዘሀራ በመስኮት እያየችኝ "እኔ ከወለድኩ በኋላ እንዲህ አላለበስከኝም" አለች።

ብርድ ልብሱን ባለበስኩ በማግሥቱ ስወጣ ግቢው በሙሉ ነጭ ነው። ሣሩ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ፣ የአጥሩ ቆርቆሮ፣ የመኪናዋ ጣሪያ ሳይቀር አመዳይ ለብሷል። ኮፈኖው ብቻ እርጥብና ሰማያዊ ነው። እጄን ጣል ሳደርግበት ይሞቃል። ብርድ ልብሱ ተጣጥፎ የኋላ መቀመጫ ላይ ተቀምጧል፤ ጫፍ ከጫፍ ገጥሞ፣ እንደ ሱቅ ዕቃ። በእኛ ቤት ብርድ ልብስ እንደዚያ የሚያጥፍ ሰው የለም። በሮቹ ደግሞ ማታ እንደቆለፍኳቸው ናቸው።

አመዳዩ ላይ የእግር ዱካ ፈለግኩ። የአባባ እንድሪስ የከዘራና የእግር ዱካ ከእንግዳ ማረፊያው ክፍል እስከ መኪናዋ ሄዶ ተመልሷል። ሌላ ምንም የለም።

አባባ እንድሪስ የዘሀራ አባት ናቸው። ከአባይ በኩል ካለው ቆላ ነው የመጡት። ሁለቱም ዓይናቸው ላይ ሞራ ስለ ወረደ ደሴ ሐኪም ቀጠሮ ሰጥቷቸው፣ ቀኑ እስኪደርስ እኛ ዘንድ ተቀምጠዋል። ሰው ሲመጣ እንደ ጥላ ይታያቸዋል፤ ፊቱን አይለዩም። እኔን ከመጀመሪያውም አይወዱኝም። ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ "ፎቶ ማንሳት ሥራ ነው እንዴ?" ብለው ሽማግሌዎቹን ምሳ አብልተው መልሰዋቸው ነበር። በስንት ልመና ነው ልጃቸውን የሰጡኝ።

እና በዚያው ጠዋት ቁርስ ቀርበን ሳለ ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

"ዘሀራ፣ ይህ ባልሽ ወላሂ ሰው ወጣው።"

"ምን አደረገ አባባ?"

"ሱብሂ ሰግጄ ስወጣ ቀድሞኝ ተነሥቶ ነው የማገኘው። ሞተሩን አስነሥቶ፣ በጎን ያለውን በር ከፍቶ ይጠብቀኛል። ገብቼ እቀመጣለሁ። የቆላ ሰው አጥንት ይህን ብርድ መቼ ይችላል! እዚያ ውስጥ ግን ይሞቃል። አጫውተዋለሁ፣ ዝም ብሎ ይሰማኛል።" ወደ እኔ ዞሩ። "ጠዋት አለማውራትህን ነው የወደድኩልህ። ቀን ላይ ግን ትለፈልፋለህ።"

የያዝኩት ጉርሻ አፌ አጠገብ ቀረ። ዘሀራ አየችኝ። አየኋት።

"ግድ የለም አባባ፣ ምን አላት" አልኩ።

ወጥ ቤት ገብተን በሩን እንደ ዘጋን ዘሀራ እጄን ያዘችኝ። "አንተ ነህ?"

"እኔ አይደለሁም።"

"ታዲያ ለምን እሺ ብለህ ተቀበልክ?"

"ሲያመሰግኑኝ የመጀመሪያቸው ነው እኮ!"

ዘሀራ ጥቂት አሰበችና በእንቅልፍ ልቤ የምሄድ መሆን አለብኝ ብላ ፈረደች። ለእኔም ከሌላው ሐሳብ ሁሉ ይሄኛው ተሻለኝ። ማታ እግሬን በመቀነቷ ከአልጋው እግር ጋር አሰረችው፤ አስተሳሰሯ በሬ የሚያቆም ነበር። ጠዋት ነቅቼ ታስሬ ማደሬን ረስቼ ስነሳ በአፍንጫዬ ተደፋሁ። አፍንጫዬን ይዤ መሬት ላይ ተቀምጬ ሳለ አባባ እንድሪስ በውጭ በኩል በረንዳው ላይ "አብሽር፣ አብሽር፣ ዛሬም ሞቀን" እያሉ መዳፋቸውን ሲያሻሹ ሰማኋቸው።

ከዚያ በኋላ የቀረኝ ባትሪው ነው። ባትሪ የሌላት መኪና እንደማትነሳ ሕፃንም ያውቃል። አመሻሽ ላይ ባትሪውን ፈትቼ በትሪ አድርጌ መኝታ ቤት አስገባሁና ከአልጋችን ሥር አስቀመጥኩት። ዘሀራ "ዛሬ ደግሞ ማንን አመጣህብኝ" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ጠዋት አባባ ቁርስ ላይ "ዛሬስ ከሌላው ቀን ሁሉ ሞቆ ነበር፤ አላህ ይስጥህ" አሉኝ።

ጫማ ሳላደርግ ሮጥኩ። ኮፈኖው አሁን ከምድጃ እንደ ወጣ ዳቦ ይሞቃል። ከፈትኩት። የባትሪው ቦታ ባዶ ነው። ሁለቱ ገመዶች ተንጠልጥለዋል፤ ጫፋቸው ላይ ትንሽ አመዳይ ይዟል። ከሥራቸው ሞተሩ እንፋሎት ያወጣል። ኮፈኖውን ቀስ ብዬ፣ የተኛን ሰው እንደሚያለብስ ሆኜ ዘጋሁት።

ለማን ልናገር? ለአያሌው ብነግረው ለከተማው ሁሉ ይነግርልኛል። ለአባባ ብነግራቸው ደም ግፊት አለባቸው፤ ሐኪሙ ከኦፕራሲዮኑ በፊት እንዳይደነግጡ ብሏል። ደግሞስ ምን ብዬ ልጀምር? "ጠዋት ጠዋት አጠገብዎ የሚቀመጠው እኔ አይደለሁም፤ እኔ ተኝቻለሁ" ልበል? ሽማግሌው ከመጡ ጀምሮ የሚስቁት በዚያች ሰዓት ብቻ ነው። እኔም እውነቱን ለመናገር፣ በስንት ዓመቴ ያገኘሁትን ክብር የሠራልኝ ያ ሰው ነው።

ግን ማን እንደሆነ ሳላውቅ መኖርም አልቻልኩም። አንድ ቀን የሱብሂ አዛን ሲሰማ ዱላ ይዤ፣ የመኪናዋን ቁልፍ ኪሴ ከትቼ ወጣሁና ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ቆምኩ። ጉም ግቢውን ሞልቶታል። መኪናዋ እንደ ተኛ በሬ ጥቁር ሆና ትታያለች እንጂ መልኳ አይለይም። ምንም ድምፅ የለም። ጥርሴ ብቻ ይንገጫገጫል።

አባባ ሰግደው ወጡ። ከዘራቸውን መሬት ላይ እያንኳኩ በቀጥታ ወደ መኪናዋ ሄዱ። በሩ ሲዘጋ ሰማሁ። ያን ጊዜ ነው ሞተሩ እየሠራ መሆኑን ያወቅሁት። ሲነሳ አልሰማሁም። መቼም እንቅልፍ ወሰደህ ትሉኛላችሁ፤ ዓይኔን አላርገበገብኩም። ቀድሞም ይሠራ የነበረ ይመስል፣ ቀስ ብሎ፣ እኔ ሳስነሳት የማታውቀውን የለሰለሰ ድምፅ እያሰማ ይሠራል። ከማርሚታዋ ነጭ ጭስ ወጥቶ ከጉሙ ጋር ይቀላቀላል።

እየተጎተትኩ ቀረብኩ። መስታወቶቹ በውስጥ በኩል በእንፋሎት ታውረዋል። አባባ ስለ አንድ ቀይ በሬያቸው ያወራሉ፤ ገደል ገብቶ የሞተ በሬ ነው። ያወሩና ዝም ይላሉ፤ ሰው መልስ ሲሰጥ የሚቆየውን ያህል ዝም ይላሉ። ከዚያ ይስቃሉ። "አጂብ!" ይላሉ።

በሾፌሩ በኩል ባለው መስታወት፣ ከውስጥ፣ አንድ መዳፍ እንፋሎቱን ጠረገ። ከቀኝ ወደ ግራ፣ ሳይቸኩል። ከተጠረገው ቦታ ወዲያ ጨለማ ብቻ ነው የሚታየው።

ፎቶ አንሺ ሆነህ ለምን አላነሳኸውም የምትሉኝ ትኖራላችሁ። እጄ ላይ የነበረው ዱላ ነው፤ እሱም ቢሆን ወድቆ ነበር።

ምን እንዳደፋፈረኝ እንጃ፣ የሾፌሩን በር ብርግድ አድርጌ ከፈትኩት። ማንም የለም። አባባ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው ግንባራቸውን ቋጠሩ።

"ምነው ወረድክ? ደግሞ በየት ዞረህ መጣህ?"

"ጎማ… ጎማ ላይ ነበርኩ አባባ።"

"ግባና ዝጋው፤ ብርዱን አስገባህብኝ።"

አማት አዝዞ እንቢ ይባላል? ገባሁ። መቀመጫው ይሞቃል። የሞተር ሙቀት አይደለም፤ ሰው ሲነሳ ትቶት የሚሄደው ሙቀት ነው። የቁልፉን ቀዳዳ አየሁ፤ ባዶ ነው። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ጭኔን ይወጋኛል። እጆቼን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ መሪውን ላለመንካት ተጠንቅቄ ተቀመጥኩ። አባባ ስለ በሬው ጀመሩልኝ። ፀሐይ ብቅ ብላ ግድግዳውን ስትነካ ሞተሩ በገዛ ራሱ ጸጥ አለ።

የደሴው ቀጠሮ ደረሰ። በሚኒባስ እንሂድ ብዬ ነበር፤ አባባ እንቢ አሉ። "በለመድኳት ነው የምሄደው" አሉ። ጭጋግ ሳይገፈፍ ተነሣን፤ አባባ ከጎኔ፣ ዘሀራ ከኋላ። ዘሀራ መንገዱን ሙሉ ከበሩ ተጠግታ፣ አጠገቧ ያለውን ቦታ ባዶ ትታ ተቀምጣ ነበር። የኋላ ማሳያውን መስታወት ወደ ጣሪያው አዞርኩት። ውርጩ ያነጣውን ሜዳ ስናቋርጥ ጌጁን አያለሁ፤ አይንቀሳቀስም ማለት ይቻላል። አያሌው ውሸት አልነገረኝም፤ ሞቃ ስትሄድ ቤንዚን አትፈልግም።

አቀስታ ስንደርስ መኪናዋን የሸጡልኝ ልጆች እናት ቤት ቆምኩ። እትዬ አሰገደች ይባላሉ። "ብርድ ላይ ብዙ ትጠጣብኛለች፤ ባለቤትዎ እንዴት ነበር የሚይዟት?" ብዬ ብቻ ነው የጠየቅኳቸው። በሩ ላይ ቆመው መኪናዋን እያዩ ፈገግ አሉ።

"እሱማ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ነበር የሚያሞቃት። ቤንዚን ጨረስክ ብዬ ስንት ጊዜ ተጨቃጭቄዋለሁ! የጎኑን በር ከፍቶ ‘ነይ፣ ሞቆልሻል’ ይለኝ ነበር። እኔ ብርድ እፈራለሁ፤ አልወጣሁለትም።" ጫፉን በጣታቸው የጠቀለሉትን ነጠላ ፈቱት። "ጠዋት ብዙ አያወራም። ብቻውን ተቀምጦ ፀሐይ ስትወጣ አጥፍቶ ይገባል።"

አፌን ከፈትኩ። ዘሀራ ከመኪናው ውስጥ በመስታወቱ አየችኝ። አፌን ዘጋሁ።

"መልካም ሰው ነበሩ ማለት ነው" አልኩ።

"መልካም ነበር" አሉ። "ይበርደው ነበር እንጂ።"

ደሴ ላይ ኦፕራሲዮኑ ተሳካ። የአባባ ዓይን ሲፈታ መጀመሪያ ያዩት ዘሀራን ነው። "አርጅተሻል" አሏት፤ እሷም እያለቀሰች ሳቀች። ጥቂት ቀን ቆይተን ስንመለስ ተራራውን፣ በጉን፣ የመንገድ ምልክቱን ሁሉ እየጠሩ መጡ። አገራቸው ሊገቡ ስለ ሆነ እኛ ዘንድ የሚያድሩት ጥቂት ሌሊት ብቻ ነበር።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ወሰንኩ። ሽማግሌው ከመሄዳቸው በፊት ያመሰገኑትን አማች አንድ ቀን እንኳ ልሁናቸው። ከአዛኑ በፊት ተነሣሁ። መኪናዋ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዛለች፤ ደስ ስላለኝ ኮፈኖዋን ሳምኩት ብል አታምኑኝም። በራሴ ቁልፍ፣ በራሴ እጅ ቾክ ስቤ አስነሳኋት። አሳላት፣ አንቀጠቀጣት፣ ተነሣች። ቤንዚኔ በከንቱ መሄድ ጀመረ፤ ይሂድ አልኩ። የጎኑን በር ከፈትኩና ጠበቅሁ።

አባባ ያለ ከዘራ መጡ። ገብተው ተቀመጡ፣ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ፊቴን ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ለካ ፊትህ ይሄ ነው" አሉ። "ጢምህን አስተካክለው። እንዴት አደርክ?"

"አልሐምዱሊላህ።"

ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደ ኋላ መቀመጫው ዞሩ። የዞረው ፊታቸው ላይ መደነቅ አየሁ። ለትልቅ ሰው እንደሚደረገው ከመቀመጫቸው ከፍ አሉ፤ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ዝቅ አደረጉ።

"እርስዎስ እንዴት አደሩ? አዑዙቢላህ፣ ይቅር ይበሉኝ! ዓይኔ ደክሞ ከዚህ ልጅ ጋር አምታትቼዎት ነው፤ እስከ ዛሬ አንተ እያልኩ ሳወራዎት ከረምኩ።"

አልዞርኩም። መሪውን በሁለት እጄ ጨምድጄ፣ የፊቱ መስታወት ላይ አመዳዩ እየቀለጠ ሲወርድ አየሁ።

"እግዚአብሔር ይመስገን" የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ለስለስ ያለ፣ የጠዋት ድምፅ።

በእኛ በወሎ ሁለቱም ይባላል። አልሐምዱሊላህ ያለ ሰው መልሶ እግዚአብሔር ይመስገን ቢል ማንም ዞር ብሎ አያየውም። እኔ ነኝ የመለስኩት። ለዘሀራም እንደዚያው ነው የነገርኳት።